መዳቡ ብሩን ያባረረበት ዘመን፦ ከካይሮ ገበያ እስከ ሐረር

 

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ገንዘብ ስንል ግን ስለ ባለጸጎች ማለታችን አይደለም። የወር ደሞዙን ተቀብሎ ወደ ገበያ የወጣ የቤተሰብ ኃላፊ፣ በኪሱ ያለው ገንዘብ በቁጥር ሳይጎድል ዘንቢሉ ከአምናው ጎድሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ምክንያት ከወዴት እንደሚመጣ ነው ነገራችን። ይህ ጥያቄ የኛ ዘመን ብቻ መስሎ የሚታየው ይኖር ይሆናል። ይሁንና ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት በካይሮ የኖሩ አንድ ዓሊም ይህንኑ ጥያቄ አንስተው መልሱን በአንዲት ትንሽ ኪታብ አስፍረውልን አልፈዋል።

እኚህ ዓሊም ተቂዩዲን አሕመድ ኢብን ዐሊ አል-መቅሪዚ ናቸው። በ766 ዓመተ ሒጅራ (1364 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ ተወልደው በ845 ዓ.ሒ. (1442) እዚያው አርፈዋል። ለኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንግዳ ሰው አይደሉም። የኢፋትን ነገሥታት፣ የሱልጣን ሰዕደዲንንና የልጆቻቸውን ታሪክ ከጻፉልን ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ታላቁ ኢብን ኸልዱን ወደ ካይሮ መጥተው በሚያስተምሩበት ዘመን ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። በ801 ዓ.ሒ. (1399) ደግሞ ሱልጣን በርቁቅ የካይሮ ሙሕተሲብ አድርጎ ሾማቸው።

ሙሕተሲብ ማለት ምን እንደሆነ ሳናስረዳ ብናልፍ ጨዋታችን ጎዶሎ ይሆናል። ሙሕተሲብ የገበያው ተቆጣጣሪ ነው። የዳቦ ጋጋሪውን ሚዛን ይፈትሻል፤ ወተቱ ውሃ እንዳልተቀላቀለበት ያያል፤ የጨርቅ ሻጩን ክንድ ይለካል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያወግዛቸውን፣ ሲሰፍሩና ሲመዝኑ የሚያጎድሉትን፣ በሥልጣን የሚይዝ ሰው ማለት ነው። አል-መቅሪዚ በዚህ ሹመት የቆዩት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ በዚያው ዓመት በድሩዲን አል-ዐይኒ ተተክተውባቸዋል፤ ኋላም ተመልሰው ይዘውታል። ሆኖም ገበያን በእግራቸው ዞረው ማየታቸው እንደ ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሱልጣኖችና ስለ ጦርነት ብቻ እንዳይጽፉ አድርጓቸዋል ብለን እናምናለን። ሚዛን የሚያጎድለውን ጋጋሪ መያዝ ቀላል ነው። መለኪያው ራሱ፣ ማለትም ገንዘቡ፣ ሲጎድልስ ሙሕተሲቡ ማንን ይያዝ?

የነገሩን መነሻ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ሙስሊሞች በመጀመሪያው ዘመን የሚገበያዩት በሮም የወርቅ ዲናርና በፋርስ የብር ዲርሃም ነበር። ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን በ77 ዓ.ሒ. (696/97) የመጀመሪያውን ንጹሕ ኢስላማዊ ዲናር አስመታ፤ ክብደቱ 4.25 ግራም ያህል ነበር። ዲርሃሙም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ። ከዚህ በኋላ ለረጅም ዘመን ወርቁ ለትልቅ ግብይት፣ ብሩ ለዕለት ኑሮ ሲያገለግል ኖረ። (እዚህ ላይ ብር ስንል ማዕድኑን ነው፤ በኪሳችን ያለውን የወረቀት ገንዘብ አይደለም።)

ችግሩ ዝርዝር ነበር። ለአንድ ዲርሃም የማይሞላ ጥቃቅን ነገር በምን ይገዛል? አል-መቅሪዚ ስለ መዳብ ሳንቲም አመጣጥ የነገሩን ታሪክ ከአንዲት ሴት ይጀምራል። በአዩቢዩ ሱልጣን አል-ካሚል ዘመን አንዲት ሴት ወደ ምስር ጃሚዕ ኸጢብ፣ ወደ አቡ ጣሂር አል-መሐሊ ቀርባ ውሃ መጠጣት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ውሃ መጠጣትን ምን ይከለክለዋል ብለው ተገረሙ። ሴትዮዋ ነገሩን አስረዳች። አንድ አቁማዳ ውሃ በግማሽ ዲርሃም ትገዛለች፤ ለውሃ ሻጩ አንድ ሙሉ ዲርሃም ትሰጣለች፤ እርሱም ግማሽ ዲርሃም ብር ይመልስላታል። እንግዲህ በአንድ ዲርሃም ውሃና ግማሽ ዲርሃም ገዛሁ ማለት ነው፣ ይህስ ሪባ አይሆንብኝም ወይ ነበር ጥያቄዋ። ኸጢቡ ነገሩ ከነከናቸው፤ ሱልጣኑን አነጋገሩ፤ ሱልጣኑም ለጥቃቅን ግብይት የሚሆን ፉሉስ፣ ማለትም የመዳብ ሳንቲም፣ እንዲመታ አዘዘ። የአንዲት የቤት እመቤት የዲን ጥንቃቄ የመንግሥትን የገንዘብ ፖሊሲ እስከ መለወጥ እንደደረሰ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ፉሉስ ለበጎ ነበር የተጀመረው፤ ለዝርዝር ብቻ። በ759 ዓ.ሒ. (1358) በሱልጣን ሐሰን ዘመን በደንብ የተመዘነ ፉሉስ ወጣ። እያንዳንዱ አንድ ሚስቃል ይመዝናል፤ ሃያ አራቱ አንድ የብር ዲርሃም ይሆናል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በሱልጣን በርቁቅ ዘመን ነው። የሱልጣኑ ቤት አስተዳዳሪ (ኡስታዳር) የነበረው ጀማሉዲን ማሕሙድ ኢብን ዐሊ ከፈረንጅ ነጋዴዎች መዳብ በገፍ እያስመጣ ፉሉስ ማስመታቱን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ለዚሁ ሲባል በእስክንድርያም መምቻ ተከፈተ። መዳቡ በርካሽ ይገዛል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከተገዛበት በላይ በሆነ ዋጋ ወደ ሕዝብ ይወጣል። ልዩነቱ ወደ ግምጃ ቤት፣ ከዚያም ላይ ወደ ሹሞቹ ኪስ ይገባል። የብር ዲርሃም መምታት ደግሞ እየቀረ ሄደ። ሕዝቡም በበኩሉ የዋህ አይደለም። በእጁ ብርና መዳብ ያለው ሰው ሲገዛ በመዳቡ ይገዛል፤ ብሩን በሣጥን ያኖራል፣ ወይም አቅልጦ ለሚስቱ አምባር፣ ለፈረሱ ጌጥ ያደርገዋል። ቀሪውን ነጋዴው ወደ ውጭ ይዞት ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ መዳቡ ብሩን ከገበያ አባረረው። ፈረንጆች ይህንን ነገር ከመቶ ዓመታት በላይ ዘግይቶ በኖረው በእንግሊዛዊው ግሬሻም ስም ይጠሩታል፤ አል-መቅሪዚ ግን በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል።

ማሕሙድ በካይሮ ከባብ ዙወይላ አቅራቢያ ያሠራው መድረሳ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ሕንፃው ያማረ ነው፤ የወጪውን ምንጭ ግን ግድግዳው አይናገርም።

ይህ ነገር በሸሪዓ ምሁራን ዘንድ ሳይታሰብበት የቀረ አልነበረም። በ728 ዓ.ሒ. (1328) ያረፉት ኢብን ተይሚያ ገዢ ለሕዝቡ ፉሉስ ማስመታት ያለበት በፍትሐዊ ዋጋ፣ ለመገበያያ እንዲሆን ብቻ ነው፤ መዳብ እየገዛና እያስመታ ሊነግድበት አይገባም የሚል አቋም በፈትዋቸው አስቀምጠው ነበር። ምክሩ ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ ተሰጥቷል። ሰሚ ግን አላገኘም።

በርቁቅ በ1399 ሲሞት ገና ልጅ የነበረው ፈረጅ ዙፋኑን ወረሰ። አሚሮቹ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፤ ቲሙር ሌንክ በ803 ዓ.ሒ. (1400/01) ደማስቆን አቃጠላት፤ በ806 ዓ.ሒ. (1403) የዓባይ ሙላት ሳይሞላ ቀረ። ረሃብ መጣ፤ ወረርሽኝም ተከተለ። ፉሉሱ ከመብዛቱ የተነሳ መቁጠሩ ቀርቶ በሚዛን ይሰፈር ጀመር። ቀድሞ በጥቂት ዲርሃም የሚያልቅ ሒሳብ በከረጢት የሚጫን ሆነ።

አል-መቅሪዚ ኪታባቸውን የጻፉት በዚህ መሐል፣ በ808 ዓ.ሒ. (1405) መግቢያ ላይ ነው። ስሙ «ኢጋሠቱል ኡማ ቢከሽፊል ጉማ» ይባላል፤ የጭንቀቱን ምንጭ ገልጦ ሕዝቡን መታደግ እንደማለት ነው። ብዙ ሰው መከራው ከዓባይ ብቻ የመጣ አድርጎ ይናገር ነበር። እርሳቸው በዚህ አልተስማሙም። ዓባይ ከዚህ በፊትም ጎድሎ ያውቃል፤ ሙላቱ ሲመለስ ኑሮውም ይመለስ ነበር። አሁን ግን ውሃው ተመልሶ ኑሮው አልተመለሰም። ስለዚህ ሦስት ምክንያቶችን አስቀመጡ።

አንደኛው ሹመት በጉቦ መሸጡ ነው። ሰውየው የሌለውን ገንዘብ ተበድሮ ሹመት ይገዛል፤ ከተሾመ በኋላ ዕዳውን ለመክፈል የገጠሩን ሰው ይገፍፋል፤ ገበሬውም መሬቱን ጥሎ ይሰደዳል፤ ምርቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው የመሬት ኪራይ በየዓመቱ መናሩ ነው። ሦስተኛው ፉሉስ ነው፤ እርሳቸውም ረዘም ላለ ጊዜ የቆሙበት እዚህ ላይ ነው፤ እኛም እዚሁ እንቆማለን።

ከኪታቡ ሁሉ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ሕዝቡን በሰባት ከፍለው ገንዘቡ እያንዳንዱን ክፍል ምን እንዳደረገው የተነተኑበት ክፍል ነው። የኑሮ ውድነት ሁሉንም እኩል ይጎዳል የሚለው አነጋገር ዛሬም አለ። እርሳቸው ግን ቤት ለቤት ገብተው ያዩ ይመስላል።

በመጀመሪያ ገዢዎቹን ወሰዱ። አሚሩ ከመሬቱ የሚገባለት ገንዘብ በቁጥር ከአባቱ ዘመን በዝቷል፤ ስለዚህም የከበረ መስሎታል። ነገር ግን ያንን ሁሉ መዳብ በድሮው ብር ብታሰሉት የሚገዛለት ነገር ከቀድሞው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ትልልቆቹ ነጋዴዎችም እንደዚሁ ናቸው። በሒሳብ ደብተራቸው ትርፍ ይታያል፤ የቤታቸውን ወጪ ሲያዩ ግን ትርፉ የለም። እንግዲህ ፖሊሲውን ያወጡት ራሳቸው ተታለዋል ማለት ነው፤ ቁጥር እንጂ ዋጋ አልጨመሩም። የመካከለኛው ባለ ሱቅ፣ ምግብና ጨርቅ ሻጩ፣ ከሚሸጠው ላይ እየቀነሰ የዕለቱን ይኖራል። ገበሬው ሁለት ነው። ብዙው በድርቁ ጠፍቷል፤ መሬቱ ውሃ ያገኘለት ግን እህሉን በውድ ሸጦ ባለጸጋ ሆኗል።

የእጅ ሥራ ባለሙያው፣ ሸክም ተሸካሚው፣ ግንበኛውና ሸማኔው የቀን ሥራ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ አድጎላቸዋል። ደስ የሚል ይመስላል። ግን ለምን አደገላቸው? አብዛኞቹ ስለሞቱ ነው፤ ሠራተኛ ተፈልጎ የማይገኝ ሆኖ ነው። በመጨረሻ ያሉት ለማኞች ረሃብና ብርድ አልቋቸዋል ማለት ይቻላል።

በመካከል አንድ ክፍል ቀረን። ቋሚ ገቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው፦ የመድረሳ አስተማሪዎች፣ የዒልም ተማሪዎች፣ የወቅፍ ተከፋዮች፣ ተራ ወታደሮች። ወቅፉን ያቆመው ደግ ሰው ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በፊት ለአስተማሪው በወር ይህን ያህል ዲርሃም ይከፈለው ብሎ ጽፏል። ጽሑፉ አልተለወጠም፤ ዲርሃሙ ግን ብር መሆኑ ቀርቶ በመዳብ የሚቆጠር ስም ብቻ ሆኗል። ማንም ከኪሱ አልሰረቀውም፤ ማንም ደሞዝህን ቀነስኩ አላለውም፤ ኑሮው ግን ተወስዷል። አል-መቅሪዚ ስለዚህ ክፍል ሲጽፉ ቃላቸው ይመርራል። ራሳቸውም ከዚሁ ክፍል ስለነበሩ አይፈረድባቸውም።

ይህን ስናነብ ወደ ራሳችን ዘመን ሳናማትር አናልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ል. (ጁላይ 29 ቀን 2024) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ውሳኔው ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው የባለሙያዎች ክርክር ነው፤ እኛ አንገባበትም። ነገር ግን እዚያው አንድ ግቢ ውስጥ፣ ልጇ ከጅዳ ሪያል የምትልክላት እናትና በጡረታ ደሞዝ የሚተዳደሩት ጎረቤቷ ያንን ክረምት አንድ ዓይነት አድርገው አላሳለፉትም። ዕቃውን ቀደም ብሎ ገዝቶ መጋዘን ያኖረው ነጋዴም እንደዚሁ ለብቻው ነው። የአል-መቅሪዚ ሰባት ክፍሎች ስማቸው ይለወጥ እንጂ ጠፍተው አያውቁም።

አሁን ደግሞ እኚህን ታላቅ ዓሊም በአክብሮት እንሞግታቸው። መፍትሔያቸው ወደ ወርቅና ብር መመለስ ነበር፤ ዕቃው በወርቅና በብር ሲለካ ያን ያህል አልተወደደም፣ የተወደደው በመዳብ ሲለካ ነው ይላሉ። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው። ግን የራሳቸው ኪታብ ሌላ ታሪክም ይዟል። በፋጢሚዩ ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር ዘመን፣ ከ457 እስከ 464 ዓ.ሒ. (1065–1071) ግብፅ በታላቅ ረሃብ ስትጠበስ፣ አንዲት ባለጸጋ ሴት የሺህ ዲናር ሐብል ይዛ ዱቄት ፍለጋ ወጣች። ስንቱ እምቢ ካላት በኋላ አንዱ አዝኖላት አንድ ጆንያ ዱቄት ሸጠላት። በመንገድ ሕዝቡ ተሻምቶ ወሰደባት፤ እርሷም እንደሌላው ተሻምታ በእጇ የቀረውን እፍኝ አቡክታ ጋገረች። ከዚያ ያችን ቂጣ ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ወስዳ፣ ከፍ ካለ ቦታ ቆማ ለሕዝቡ እያሳየች፣ ቂጣ ሺህ ዲናር የሚያወጣበትን ዘመን ላመጣልን ለጌታችን ለአል-ሙስተንሲር ዱዓ አድርጉ እያለች በምጸት ጮኸች። ያ ሐብል መዳብ አልነበረም። እህል ከሌለ ወርቅም አያበላም።

ወርቅ በብዛት ሲመጣም ይረክሳል። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ724 ዓ.ሒ. (1324) ለሐጅ ሲጓዝ ካይሮ ላይ ያፈሰሰው ወርቅ ከመብዛቱ የተነሳ፣ ቀድሞ ከ25 ዲርሃም የማይወርደው ሚስቃል ወደ 22 እና ከዚያ በታች ወረደ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላም አላገገመም ነበር ብለው አል-ዑመሪ ጽፈዋል። በሌላ በኩል በአል-መቅሪዚ ዘመን የብር እጥረት የካይሮ ብቻ አልነበረም፤ አውሮፓም ብር አጥሯት ነበር። በ1347 ከገባው ታላቅ ወረርሽኝ ጀምሮም የግብፅ ሕዝብ ቁጥር ተመናምኗል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በማሕሙድና በመዳቡ ላይ መጫን ለኛ ሚዛን የጎደለው ይመስለናል። ማሕሙድ ብሩን አልፈጠረውም፤ እጥረቱን ግን መነገጃ አደረገው። ይህ ራሱ በቂ ክስ ነው።

ከዚያ ወዲያስ ምን ሆነ? ሱልጣን አል-ሙአየድ ሸይኽ ከ1415 ገደማ ጀምሮ አዲስ የብር ገንዘብ አስመትቶ ለማስተካከል ሞከረ። አል-መቅሪዚም ስለ ገንዘብ ታሪክ ሁለተኛ ኪታብ ጻፉለት። ሱልጣን በርስባይ ደግሞ በ829 ዓ.ሒ. (1425) ከቬኒሱ ዱካት ጋር የሚወዳደር፣ 3.4 ግራም ያህል የሚመዝን «አሽረፊ» የተባለ የወርቅ ገንዘብ አወጣ፤ ይህኛው ጸና። በርስባይ ግን ስኳሩንና ቅመማ ቅመሙን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር አደረገ፤ የተስተካከለው ገንዘብ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው ተወሰደ። መዳቡም ከዕለት ገበያ አልጠፋም። እንዲያውም አሸናፊው እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ብዙው ዐረብ ገንዘብ ለማለት «ፉሉስ» ይላል፤ በኩዌት፣ በባሕሬንና በኤምሬት የሠሩ ወገኖቻችንም በየቀኑ ሲቆጥሩት የኖሩት ፊልስ የዚያው የመዳቡ ስም ነው። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ከወረቀት የተሠራውን ገንዘባችንን በማዕድኑ ስም ብር እንላለን፤ የጠገራው ዘመን ትዝታ ነው።

ከግብፅ ገንዘብ ጋር የነበረን ዝምድናም በስም ብቻ የቀረ አልነበረም። አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች ሲጽፉ፣ በኢፋት ነጋዴዎች ይዘውት በሚመጡት የግብፅ ዲናርና ዲርሃም ይገበያዩ እንደነበር፣ በሌሎቹ ዘንድ ደግሞ «ሐኩና» የሚሉት የብረት ቁራጭ እንደሚሠራበት ነግረውናል። የካይሮ መምቻ ሲታመም የኢፋት ገበያም ሳይሰማው አይቀርም።

ሐረር በኋላ የራሷን ገንዘብ መታች። እንግሊዛዊው በርተን በ1855 እዚያ ሲደርስ ያየው መሐለቅ የሚባል ትንሽ የናስ ሳንቲም ነው፤ በአንድ በኩሉ የሐረር መሆኑ፣ በሌላው 1248 ዓ.ሒ. ተጽፎበታል። አሚሩ በከተማው ውስጥ ሌላ ገንዘብ ያሳለፈን ሰው ያለ ርኅራኄ ይቀጣ እንደነበርም ጽፏል። ሐረሮች ሒሳባቸውን ሲያሰሉ ግን መሐለቁን ወደ አሽረፊ ይመልሱት ነበር። የበርስባይ የወርቅ ገንዘብ ከመታተም ከአራት መቶ ዓመት በኋላ፣ በሐረር ገበያ በእጁ የያዘው ሰው ሳይኖር ሁሉም ይቆጥርበት ነበር።